«አባዬ ጻድቅ አይባልም?»

ጥያቄ፦ «መምህር፣ የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቷል፤ ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም። ‹እግዚአብሔር የለም› ነው የሚለው። ነገር ግን እንደሱ ያለ ደግ ሰው አላየሁም። ሁለት ወላጅ የሌላቸው ልጆች ከእኔ እኩል አሳድጎ ለወግ ማዕረግ አብቅቷል። የሰፈሩን ልጆች በነፃ ያስጠናል። እምቦጭ ነቀላ ሲጠራ ከወጣቶቹ ቀድሞ ጭቃው ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ዘጌ ያለችው አያቴ ‹ምን ቢያደርግ አይጸድቅም› ትላለች። ጴንጤ የሥራ ባልደረባዬ ‹የሰው ጽድቅ የመርገም ጨርቅ ነው› አለችኝ። ሌላው ጓደኛችን ‹ሰው ጥሩ ከሆነ ይበቃል፣ ሃይማኖት ምን ያደርጋል?› ይላል። እናቴ ደግሞ ሳያያት ሻዩ ላይ ጠበል ጠብ ታደርግበታለች። ማናቸው ናቸው ልክ? አባዬ ጻድቅ ሊባል ይችላል? ቢሞትስ ፍትሐት ይከለከላል?»

መልስ፦ ዋናውን ላስቀድም። «ጻድቅ» የሚለው ቃል በክርስትና ትምህርት ቢያንስ ሁለት ነገር ተሸክሟል። አንደኛው የሰው ምግባር ነው፤ ቅን፣ ሰው የማይበድል፣ የድሃ ፍርድ የማያጎድል። ሁለተኛው የእግዚአብሔር ፍርድ ነው፤ እሱ ተቀብሎት የራሱ ያደረገው ሰው። በመጀመሪያው ፍቺ አባትሽን ጻድቅ ብትያቸው የሚቆጣሽ የሃይማኖት ትምህርት የለም። በሁለተኛው ግን ጻድቅ ናቸው ልልሽ አልችልም። አይደሉም ብዬ መፍረድም አልችልም። በዚህኛው ፍቺ በገዛ ጉልበቱ የጸደቀ ሰው የለማ! አያትሽም፣ ባልደረባሽም፣ እኔም። የነገሩሽ ሦስቱም ሰዎች ከእውነቱ ቁራሽ ይዘዋል። ችግሩ ቁራሹን ሙሉ እንጀራ ነው ብለው ማቅረባቸው ነው።

ግማሹ ጣጣ የመጣው ከቋንቋችን ነው። አማርኛ ይህን አንድ ቃል ብዙ ቦታ ያሠራዋል። በጀት ጸደቀ እንላለን። ምክር ቤት አየው፣ ተቀበለው፣ ማኅተም አረፈበት ማለት ነው። በጀት ራሱን አያጸድቅም። ችግኝም ይጸድቃል። ሐምሌ የተተከለው ኅዳር ላይ ለምልሞ ከተገኘ ጸደቀ፣ ከደረቀ አልጸደቀም። አያትሽ «አይጸድቅም» ሲሉ ገነት አይገባም ማለታቸው ነው። «ጻድቁ አባታችን» ሲባል ደግሞ ገድል የተጻፈለት፣ ታቦት የተቀረጸለት ቅዱስ ማለት ነው። ስለዚህ «አባዬ ጻድቅ ነው?» ስትዪ የትኛውን እንደምትጠይቂ ልትለዪ ይገባል። ታቦት ይቀረጽለት እያልሽ እንዳልሆነ ይገባኛል።

አያትሽ የዘጌ ሰው ከሆኑ የአቡነ በትረ ማርያምን ነገር ሳይነግሩሽ አይቀሩም። በትራቸውን ቆርጠው ቢተክሉት ቡናና ጌሾ ሆኖ በቀለ ይላል ትውፊቱ። የዘጌ ቡና የመጣው ከዚያ ነው ይባላል። ደረቅ እንጨት ጸደቀ። እንጨቱ ከሌላው እንጨት ስለተሻለ ነው የሚል ግን ዘጌ ውስጥ አንድም ሰው አታገኚም። ይህን ያዢልኝ።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ለጥያቄሽ ከሁሉ የሚቀርበው ታሪክ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 እና 11 ላይ ያለው የቆርኔሌዎስ ታሪክ ነው። ቆርኔሌዎስ ቂሣርያ የሚኖር የሮም ወታደር ነበር፤ ኢጣሊቄ በሚባለው ጭፍራ የመቶ አለቃ። አይሁዳዊ አይደለም። ክርስቲያንም አይደለም። ግን ለሕዝቡ ምጽዋት ይሰጣል፣ ይጸልያል። መልአክ ታየውና ጴጥሮስን አስጠራ አለው። ጴጥሮስ በዚያን ጊዜ ኢዮጴ ላይ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነበር። የተላኩት ሰዎች ደርሰው ጌታቸውን ሲያስተዋውቁ ምን አሉ መሰለሽ? «ጻድቅ ሰው» አሉ፤ ቁጥር 22። እንግዲህ አንድ ያልተጠመቀ፣ ስለ ክርስቶስ ገና በቅጡ ያልተማረ ወታደር በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ጻድቅ ተብሎ ተጠርቷል። ጴጥሮስም ቤቱ ሲደርስ እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንደማያዳላ፣ ከየትኛውም ሕዝብ ቢሆን «እርሱን የሚፈራና ጽድቅን የሚያደርግ» የተወደደ እንደሆነ ተናገረ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ መጽሐፉን ያጥፋል። «ጥሩ ሰው ከሆነ ይበቃል» ያለሽም ጓደኛ እዚህ ላይ አጥፎት ይሆናል። አንድ ገጽ ግለጪ። ምዕራፍ 11 ቁጥር 14 ላይ ጴጥሮስ ያንኑ ታሪክ ሲደግመው፣ መልአኩ ለቆርኔሌዎስ ያለውን ይጨምራል፦ ጴጥሮስ አንተና ቤተ ሰዎችህ የምትድኑበትን ነገር ይነግርሃል። የምትድኑበትን! ጻድቅ የተባለው ሰው ገና መዳን ያስፈልገው ነበር። ከዚያ መንፈስ ቅዱስ ወረደበት፣ ከዚያ ተጠመቀ። አየሽ፣ ጻድቅ መባልና መዳን በአንድ ሰው ላይ በሁለት የተለያዩ ጊዜዎች መጡ። የመጀመሪያው ውሸት አልነበረም። ግን በቂም አልነበረም።

ገደቡንም ልንገርሽ፤ አለዚያ ቆርኔሌዎስን ለአባትሽ በልካቸው የተሰፋ ልብስ አስመስዬ ላቀርብልሽ ነው። ቆርኔሌዎስ እግዚአብሔርን ይፈራ ነበር፤ ሰዓት ጠብቆ ይጸልይ ነበር። አባትሽ የለም ይላሉ። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ዕብራውያን 11፥6 «ያለ እምነትም ደስ ማሰኘት አይቻልም» ይላል፤ ወደ እግዚአብሔር የሚደርስ ሰው እግዚአብሔር እንዳለ ማመን እንዳለበትም ይጨምራል። ይህን ቃል ከመጽሐፉ ላይ መፋቅ የሚችል ሊቅ አላውቅም።

ነገር ግን እምነት ማለት «እግዚአብሔር አለ» የሚል አስተያየት መያዝ ብቻ አይደለም። ያዕቆብ በመልእክቱ አጋንንትም ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል ይላል። አጋንንት ስለ እግዚአብሔር መኖር ከአባትሽ የተሻለ እርግጠኞች ናቸው። አልጸደቁም። በመጽሐፉ ቋንቋ ማመን ራስን አሳልፎ መስጠት፣ መታመን ነው። አብርሃም አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት ሲል ከአገሩ ወጣ ማለቱ ነው እንጂ በአእምሮው አንድ ሐሳብ ተቀበለ ማለቱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በየእሑዱ ነጠላ አጣፍቶ የሚያስቀድስ ሁሉ አማኝ ነው ብለሽ አትቸኩዪ። አባትሽ አማኝ ናቸው እያልኩሽም አይደለም። መስመሩ አንቺ ካሰመርሽበት ቦታ ላይ እንዳልሆነ ነው የምነግርሽ።

ወደ «መርገም ጨርቅ» እንሂድ። ጥቅሱ ኢሳይያስ 64፥6 ነው። «ጽድቃችንም ሁሉ እንደ መርገም ጨርቅ ነው።» ጽድቃችን! ነቢዩ ውጭ ቆሞ ባላመኑት ላይ ጣት እየቀሰረ አይደለም። በእግዚአብሔር ሕዝብ ስም፣ ራሱን ጨምሮ እየተናዘዘ ነው። ጥቅሱን ለኢአማኒ ጎረቤት ብቻ የሚመዝ ሰው አቅጣጫውን ገልብጦታል። በእኛ በኦርቶዶክስ ትምህርት ጥቅሱ የሚነሣው ከጌታ ልደት በፊት ስላለው ዘመን ሲነገር ነው። 5500 ዘመን ሙሉ ጻድቁም ኃጥኡም ወደ ሲኦል ይወርድ ነበር እንላለን። አብርሃም ሳይቀር። አብርሃም ጻድቅ አልነበረም? ነበር። ጽድቁ ግን የገነትን በር ለመክፈት አልበቃም፤ በሩን የከፈተው ክርስቶስ ነው። አያትሽ ይህን ትምህርት በልጅነታቸው ሰምተውታል። ስለዚህ «አይጸድቅም» ሲሉ ከአፋቸው የሚወጣው ከክፋት አይደለም። ያጎደሉት አንድ ነገር ነው፦ ያ ፍርድ ለአባትሽ ብቻ የተጻፈ ሳይሆን ለአዳም ልጅ ሁሉ መሆኑን።

ባልደረባሽም ብትሆን የራሷ ወገን ያስተማረውን ብትመረምር ለአባትሽ ከዚህ የለሰለሰ ቃል ታገኛለች። የፕሮቴስታንቱ እንቅስቃሴ ጀማሪ የማርቲን ሉተር ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ1530 በጀርመን አገር አውግስበርግ ላይ ያቀረቡት የእምነት መግለጫ በ18ኛው አንቀጹ የሰው ፈቃድ ውጫዊውን፣ የማኅበራዊ ኑሮውን ጽድቅ ለመፈጸም የተወሰነ ነፃነት እንዳለው ያስቀምጣል። ልጅ ማሳደግ፣ ጎረቤት መርዳት፣ ሕግ ማክበር። ይህ መልካም ነው፤ ግን በእግዚአብሔር ፊት ሰውን አያጸድቅም ይላሉ። ልብ በዪ፤ ወንጌላውያኑም ጽድቅን ለሁለት ከፍለውታል። «የሰፈር ጽድቅ» እና «የሰማይ ጽድቅ» ብንለው አያጣላም። እነሱ በጣም የሚወዱት ሮሜ 4፥5 ደግሞ እግዚአብሔርን «ኃጢአተኛውን የሚያጸድቅ» ብሎ ይጠራዋል። ማጽደቅ የእሱ ሥራ ከሆነ ዝርዝሩ እጃችን ላይ የለም።

«ጥሩ ሰው ከሆነ ይበቃል» የሚለው አዲስ ዘመናዊ ሐሳብ አይደለም። በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጵላግዮስ የሚባል መነኩሴ ሰው በፈቃዱ ብርታት የእግዚአብሔርን ሕግ መፈጸም ይችላል ብሎ አስተማረ። አውግስጢኖስ ተነሣበት። እ.ኤ.አ. በ418 በሰሜን አፍሪካዋ ከተማ በካርታጎ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ትምህርቱን አወገዙ። ያወገዙት ደግነትን ስለጠሉ አይደለም። ሰው ያለ ጸጋ ይችላል ማለቱን ነው። ትምህርቱ ደግሞ ጨካኝ ነው። አስቢው። «ጥሩ» የሚለውን ማን ይለካዋል? አባትሽ ከልጅነታቸው ጥሩ ጤና፣ ትምህርት፣ ደሞዝ ነበራቸው። ደህና እንዲሆኑ የረዳቸው ብዙ ነገር ነበረ። ጎዳና ላይ አድጎ፣ ማስቲሽ እየሳበ፣ ሰርቆ የበላው ልጅስ? በጓደኛሽ መለኪያ እሱ ወድቋል። በወንጌል ግን አልወደቀም። ፈያታዊ ዘየማንን አስታውሺ፤ ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ። ጥሩ ሰው አልነበረም። ምጽዋት የሰጠበት ቀን አልተጻፈለትም። «አስበኝ» አለ፣ ገባ።

ታዲያ ያላመኑ ደጋጎች እግዚአብሔር ዘንድ ምን ቦታ አላቸው? በዚህ ላይ ቀደምት አባቶች አንድ ድምፅ አልነበራቸውም። በ2ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በቃል፣ ማለትም በሎጎስ፣ መሠረት የኖሩትን እንደ ሶቅራጥስ ያሉትን ሰዎች፣ በዘመናቸው አምላክ የለሽ ቢባሉ እንኳ፣ ክርስቲያኖች ናቸው እስከ ማለት ሄዷል። ደፋር ነው። ሮሜ 2፥14 ላይ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ ከባሕርያቸው የሕግን ሥራ ሲያደርጉ ስለሚለው ዮሐንስ አፈወርቅ ሲተረጉም ጠበብ ያደርገዋል፦ ጣዖት አምላኪዎችን ሳይሆን እግዚአብሔርን ይፈሩ የነበሩትን፣ እነ መልከ ጼዴቅን፣ እነ ኢዮብን፣ የነነዌ ሰዎችን፣ ቆርኔሌዎስን ነው ይላል። እኔ ከሁለቱ ወደ አፈወርቅ አደላለሁ። ለአባትሽ የሚመቸው ዮስጢኖስ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ስለሚመች ብቻ ልሰጥሽ አልፈልግም።

«ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መዳን የለም» የሚለው አባባል የካርታጎው ጳጳስ የቆጵርያኖስ ነው፤ 3ኛው መቶ ዘመን። ብዙዎች እንደ በር መዝጊያ ይጠቀሙበታል። እሱ ግን ሲናገር ዓይኑ የነበረው ቤተ ክርስቲያንን ከፍለው በወጡና ለብቻቸው በሚያጠምቁ ሰዎች ላይ ነው እንጂ ወንጌል ባልሰማ እረኛ ላይ አልነበረም። በኋላ ምዕራባውያኑ አባባሉን አጠነከሩት። የፍሎረንስ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1442 ለግብፅ ክርስቲያኖች ባወጣው ሰነድ አረማውያን ብቻ ሳይሆኑ ከሮም የተለዩ ክርስቲያኖችም የዘላለም ሕይወት የላቸውም አለ። በዚያ ሚዛን አያትሽም ውጭ ናቸው! ያው ሮም እ.ኤ.አ. በ1964፣ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ያለ ራሳቸው ጥፋት ወንጌልን ያላወቁ፣ እንዲያውም ገና እግዚአብሔርን በግልጽ ማወቅ ላይ ያልደረሱ ነገር ግን በጸጋው ቀና ኑሮ ለመኖር የሚጥሩ ሰዎች ለመዳን የሚያስፈልገውን እርዳታ እንደማይነፈጉ አስተማረች። «ያለ ራሳቸው ጥፋት» የምትለዋን ሐረግ አትዝለያት። በሩ ተከፍቷል፤ ግን ምርመራ አለበት፤ መርማሪው ደግሞ ሰው አይደለም።

እዚሁ ጣና ዳርም ይህ ጥያቄ ደም አፍስሷል። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነትን በይፋ ሲቀበሉ፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ጎርጎራ ላይ ተቀምጠው ሲያስተምሩ፣ ሁለቱም ወገን ሌላውን ከሃዲ ይለው ነበር። ሁለቱም ይጠመቃሉ፣ ሁለቱም ይቆርባሉ። በ1632 ንጉሡ ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው አለቀ። «ኢአማኒ» የሚለው ቃል ጣት ሲበዛበት ወዴት እንደሚሄድ ይህ ሐይቅ ያውቃል።

ስለዚህ ኢአማኒ ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ አይገባም። ወንጌል ያልሰማ አለ። በሌላ ሃይማኖት ተወልዶ እግዚአብሔርን የሚፈራ አለ፤ በአምስት ሰዓቱ ሰላቱን የሚሰግደው የሰፈራችሁ ሙስሊም አዛውንት ከአባትሽ ጋር በአንድ ስም መጠራቱ ሁለቱንም አይገልጽም። የሚያምነው ሰው ስለበደለው ያኮረፈ አለ። አውቆ፣ መርምሮ፣ እምቢ ያለም አለ። ሉቃስ 12፥47-48 የጌታውን ፈቃድ አውቆ ያላደረገ ብዙ እንደሚገረፍ፣ ሳያውቅ ያጠፋ ግን ጥቂት እንደሚገረፍ ይናገራል። ሁለቱም ይጠየቃሉ። ልኩ ግን አንድ አይደለም። አባትሽ በ1966 የካዱት የትኛውን እግዚአብሔር ነው? ጭሰኛውን በሚያስለቅሰው ባላባት አፍ የተጠራውን? ወይስ በድሃ መልክ የሚመጣውን? ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? የዚያ ትውልድ ሰው ብዙ ጊዜ እግዚአብሔርን ለይቶ ሳያይ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ነው ጠቅልሎ የጣለው። ይህን እንደ ሰበብ አልቆጥረውም። ግን ስለ አንድ ሰው ክህደት ከማውራት በፊት የካደውን ማወቅ ደግ ነው።

ማቴዎስ 25ንም ሳላነሣ ብቀር ትታዘቢኛለሽ። በመጨረሻው ቀን ጻድቃን «ተርበህ አይተን መቼ አበላንህ?» ብለው ይጠይቃሉ። አላወቁትም ነበር። ሁለት ወላጅ አልባ ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይሞቃል፤ መሞቅም አለበት። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ጌታ «ከሁሉ ከሚያንሱ ከእነዚህ ወንድሞቼ» ሲል ድሃን ሁሉ ነው ወይስ የተላኩ ደቀ መዛሙርቱን ነው በሚለው ላይ መተርጉማን ከጥንት ይለያያሉ። በተረፈ ምዕራፉ አማኙን የሚያስፈራውን ያህል ኢአማኒውን አያስፈራም። «ጌታ ሆይ» ብለው የሚጠሩት የግራዎቹም ናቸውና። ተስፋ አድርጊበት፤ የምስክር ወረቀት ግን አታድርጊው።

እዚህ ላይ እናንተ ከምትገምቱት በላይ የሚከብደው ነገር ይምጣ። ደብዳቤሽ ላይ ቶሎ ያለፍሽው ቃል «ክርስትና ተነሥቷል» የሚለው ነው። እንግዲያው አባትሽ በእኛ ትምህርት ያልተጠመቀ አሕዛብ አይደሉም። የጠፋ ልጅ ናቸው። በጸሎተ ሃይማኖት አሐቲ ጥምቀት እንላለን፤ አንዲት፤ አትደገምም፣ አትፋቅምም። የካደ ሰው ቢመለስ በንስሐና በቄደር ጸሎት ይቀበሉታል እንጂ እንደ አዲስ አያጠምቁትም። የቆርኔሌዎስ ቦታ የእሳቸው ቦታ አይደለም ያልኩሽ በዚህም ነው። የእሳቸው ምዕራፍ ሉቃስ 15 ነው። ይህ ነገሩን በአንድ በኩል ያከብደዋል፤ ከቤት የወጣ ልጅ ቤቱን አላውቅም ማለት አይችልም። በሌላ በኩል ያቀለዋል፤ አባቱ በር በሩን ያያል።

ጣናም የራሱ ምስክር አለው። ጓንጉት ላይ፣ በሐይቁ ዳር የተጋደለችው ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ፣ ገድሏ እንደሚተርከው፣ ውኃ ውስጥ ቆማ ስትጸልይ የለመነችው ለደጋጎች ብቻ አልነበረም። ዲያብሎስን ማርልኝ ብላ ለመነች! እሱ ቢታረቅ የሰው ልጅ ከማሳት ይድናል ብላ። እሱ እምቢ አለ፤ ጭራሽ ይዟት ወደ ጥልቁ ጎተታት፤ ቅዱስ ሚካኤል አወጣት፤ ስትወጣ ብዙ ነፍሳት ይዛ ወጣች ይላል። ዲያብሎስ አልተማረም። ቤተ ክርስቲያንም ይማራል አላለችም። እሷ ግን በመለመኗ አልተወቀሰችም። አያትሽ ይህችን ቅድስት ይወዷታል ብዬ እገምታለሁ። ስለ ዲያብሎስ የለመነችን ቅድስት የምንዘክር ሰዎች ስለ አንድ የሒሳብ አስተማሪ ተስፋ ልንቆርጥ ነው?

እንግዲህ ምን ታድርጊ?

የሻዩ ጠበል ዛሬውኑ ይቁም። እናትሽን በፍቅር ንገሪያቸው። ጠበል በእምነት የሚጠጣ እንጂ በተንኮል የሚጠጣ መድኃኒት አይደለም። አንድ ቀን አባትሽ ቢያውቁ ደግሞ የሚያጡት በእግዚአብሔር ላይ ያላቸውን አመለካከት አይደለም፤ እሱን ቀድመው ጥለዋል። የሚያጡት በሚስታቸው ላይ ያላቸውን እምነት ነው።

ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አለሽ። የ4ኛው መቶ ዘመን ታላቅ መምህር ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት የተወለደው ከአንቺ ቤት በሚመስል ቤት ነው። እናቱ ኖና አማኝ፣ አባቱ ክርስቲያን ያልሆነ። ኖና ዓመታት በጾምና በእንባ ለመነች፤ ፊት ለፊትም ትመክረው፣ ትገሥጸው ነበር። ኋላ አመነ፣ ተጠመቀ፣ ጳጳስም ሆነ። ሲያርፍ ልጁ ባሰማው የሐዘን ንግግር ስለ አባቱ የቀድሞ ዘመን ሲናገር፣ ወደ እኛ ከመግባቱ በፊትም የእኛ ነበር፣ ጠባዩ የእኛ አድርጎት ነበር አለ። ብዙ የእኛ የሚባሉ በኑሯቸው ከእኛ ውጭ እንደሆኑ ሁሉ፣ ከውጭ ያሉ ብዙዎችም በጠባያቸው እምነትን ቀድመው የእኛ ናቸው፤ የሚጎድላቸው ስሙ ነው ብሎ ጨመረ። ከዮስጢኖስም፣ ከፍሎረንስም ይልቅ ለአንቺ የምመርጥልሽ ይህን ነው። ልጁ የአባቱን ደግነት አልካደም። ጎድሎት የነበረውንም አልደበቀም።

ፍትሐትን በተመለከተ የቀብር ቀን የሚነሣ ጭቅጭቅ አታድርጉት። ፍትሐት የጻድቅነት ሰርተፍኬት አይደለም፤ የኃጢአት ይቅርታ የሚለመንበት ጸሎት ነው። ለጻድቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈታ ነበር? ነገር ግን የሚደረገው ለቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፤ በግልጽ ክዶ፣ እስከ መጨረሻው እምቢ ብሎ ለሞተ ሰው አባቶች ሊከለክሉ ይችላሉ። ውሳኔው የአጥቢያው ካህናት ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ስለዚህ የንስሐ አባትሽን አሁን፣ አባትሽ በጤና እያሉ፣ አማክሪ። አባትሽንም ጠይቂያቸው። ምን እንደሚፈልጉ ሳይጠየቁ በላያቸው ላይ መወሰን ለእሳቸውም ለጸሎቱም ክብር አይሆንም።

ከእሳቸው ጋር ስታወሪ ክርክር አትክፈቺ። የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ማስረጃ አምጪ ይልሽና ሌሊቱ ይነጋል። ይልቅ እምቦጩን ነቅለው ሲመለሱ፣ እግራቸውን ሲታጠቡ፣ ለምን እንደሚያደርጉት ጠይቂያቸው። ማንም ሳያያቸው፣ ሳይከፈላቸው። «ትክክል ስለሆነ» ይሉሽ ይሆናል። ትክክል የሚለው ቃል ከየት መጣ ብለሽ ቀስ ብለሽ ተዪው። ለአያትሽ ደግሞ «አይጸድቅም» የሚለውን ወደ «ይጸድቅ ዘንድ ጸልዪለት» ይቀይሩልሽ። አንድ ፊደል ነው የሚባል አይደለም፤ ግን ይችላሉ።

ሌላም አንድ ሥራ አለሽ። ዘጌ ስትሄጂ የአባትሽን ስመ ክርስትና ለኡራ ኪዳነ ምሕረት አባቶች ለጸሎት ስጪ። በጣና ደሴቶች ላይ ያሉት የክብራንና የዳጋ ገዳማት ሴት ስለማይገባባቸው ዘጌ ይቀልሻል። ስመ ክርስትናቸውን ከሌላ ሰው አትጠይቂ፤ ከራሳቸው ጠይቂ። ለምን እንደፈለግሽውም ደብቀሽ አትያዢ። ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ። ስሙን ግን ይነግሩሻል።